ልጃችሁ ፖርታል ከመግባቱ በፊት

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቡናዬን ይዤ ቆሜ አንድ አባት ጠጋ ይለኛል። መጀመሪያ ስለ ጤናዬ ይጠይቃል። ቀጥሎ ስልኩን ያወጣና ልጁ ከሩቅ ሦስት ነጥብ ሲያስገባ ያሳየኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ፖርታል ይግባ ወይስ ይቆይ?» ይለኛል።

እኔን የሚጠይቁኝ አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። ሃያ ምናምን ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ። ልጄ ግን ሁለት ጊዜ ፖርታል ገብቷል። ስለዚህ እንደ ባለሙያ ያዩኛል። እኔም እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደተቃጠለ ሰው ነው የምመልሰው።

ለማያውቅ ልንገር፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ፖርታል ማለት ኮሌጅ መቀየር የፈለገ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት የኤንሲደብልኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) መዝገብ ነው። በኦክቶበር 2018 ተጀመረ። ቀድሞ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቢዛወር አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። በ2021 የመጀመሪያው ዝውውር ነፃ ሆነ። በ2024 ደግሞ ትምህርቱን እስካለፈ ድረስ የፈለገውን ያህል ይዘዋወር ተባለ። በ2025 ጸደይ ስማቸውን ያስገቡት የወንዶች ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከ2,000 በላይ ናቸው። በአንደኛ ዲቪዚዮን፣ ማለትም በላይኛው የኮሌጅ ደረጃ፣ ያሉት ቡድኖች 360 ገደማ፣ በያንዳንዱ ያለው ልጅ ደግሞ 15 ገደማ ነው። አስሉት። አንድ ልጅ ከቡና ወደ ጊዮርጊስ ሲሄድ ሳምንት ሙሉ ስንነታረክ የኖርን ሰዎች ነን፤ እዚህ ከቡድኑ ሲሶው በላይ በየዓመቱ ይሄዳል።

1. ወረቀቱ

ልጁ በተማሪ ቪዛ ያለ ከሆነ የአይ-20 (የተማሪ ቪዛ ሰነዱ) መዝገብ ወደ አዲሱ ኮሌጅ መዛወር አለበት። የኤንአይኤል ገንዘብ፣ ማለትም በስሙና በመልኩ የሚያገኘውን፣ ከመንካቱ በፊትም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር፤ የጎረቤት ምክር አይበቃም። ዜጋ ከሆነ ከዚህ ይገላገላል። ስም የሚገባበት መስኮት አጭር ነው፤ በ2025 ለወንዶቹ 30 ቀን ብቻ ነበር። ይኸው ነው።

2. አሰልጣኙ

«አሰልጣኙ እንደ ልጁ ነው የሚያየው» አትበሉኝ። ጆን ካሊፓሪ ኬንታኪን 15 ዓመት አሰልጥኖ በኤፕሪል 2024 ወደ አርካንሳ ሄደ። በእሱ ቦታ የገባው ማርክ ፖፕ ሲደርስ ስኮላርሺፕ ካላቸው ነባር ተጫዋቾች አንድም አልቀረለትም። ስብስቡን ከዜሮ ነው የሠራው። ያ ኬንታኪ ነው፤ ስምንት ዋንጫ ያለው ቤት። የእናንተ ልጅ የሚሄድበት ትንሽ ኮሌጅማ አሰልጣኙ የተሻለ ደመወዝ ሲጠራው አንድ ሌሊት አያድርም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። እሱም ቤተሰብ አለው። ግን ልጃችሁን ለሰውዬው ብላችሁ አትላኩ። ሰውዬው ነገ ቢሄድ ልጁ እዚያ የሚቆይበት ሌላ ምክንያት አለው ወይ? መልሱ የለም ከሆነ አትላኩት።

3. ገንዘቡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ።

ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋች በስሙና በመልኩ ገንዘብ ማግኘት ይችላል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ኮሌጁ ራሱ መክፈል ጀምሯል። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ሰምታችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ አባቶች፣ አንብቡት እስቲ። ጣሪያ ነው። ለአንድ ኮሌጅ ስፖርተኞች በሙሉ ነው። ትልልቆቹ ጋ አብዛኛውን የአሜሪካ ፉትቦል ይወስደዋል። አብዛኞቹ ኮሌጆች ደግሞ ጣሪያው አጠገብ አይደርሱም። ከተጠባባቂ ወንበር ለሚነሳ ልጅ የሚደርሰው ምን እንደሆነ ለራሳችሁ ተዉት።

አንድ የማውቀው አባት ልጁ በአፍ በተገባለት ቃል ብቻ አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ለአፓርታማ ቅድመ ክፍያ ከፈለ። በብድር! ልጁ በኖቬምበር ጉልበቱን ተጎዳ። ቃል የገባው ሰውዬ ስልክ ማንሳት አቆመ። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። ላም አለኝ በሰማይ። አሁን አባትየው ሁለት ፈረቃ እየሠራ የአፓርታማውን ዕዳ ይከፍላል። ልጁም ያውቃል። ያ ልጅ ኳስ በያዘ ቁጥር የአባቱን ብድር ተሸክሞ ነው የሚዘለው።

ገንዘቡ ቢመጣም ቼኩ ብዙ ጊዜ ግብር ሳይቆረጥለት ነው የሚመጣው። ግብሩ ኤፕሪል ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «አጎት ነኝ» እያለ የሚደውለው ኤጀንትም ድርሻውን የሚቆርጠው ከላይ ነው። ልጁ ሳይዛወር ሲቀር ኤጀንቱ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ያንሳል። ታዲያ «እዚያው ቆይ» ብሎ የሚመክረው ይመስላችኋል?

4. ክሬዲቱ

ይህን አንደኛ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።

ልጄ በ2019 ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ገባ። ሙሉ ስኮላርሺፕ። የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ። ድልድይ መሥራት ነበር የሚፈልገው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መኪናዬ ውስጥ ሆኖ ድልድይ በተሻገርን ቁጥር ይቆጥር ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ኮቪድ ስለነበር አዳራሹ ባዶ ነው፤ እኔና እናቱ በስልክ ነበር የምናየው። አሰልጣኙ በስሙ አስተካክሎ ይጠራው ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

2021 ጸደይ ላይ የመጀመሪያው ዝውውር ነፃ ሆነ ተባለ። እኔ ነኝ ግባ ያልኩት። እሱ አልነበረም። «አባዬ፣ እዚህ ደስ ብሎኛል» አለኝ። እኔ ግን ሰው ፊት «ልጄ እገሌ ኮሌጅ ነው የሚጫወተው» ስል ሰዎች «የት ነው እሱ?» ማለታቸው አናዶኛል። እውነቱ ይኸው ነው። ለእሱ አልነበረም፤ በጁላይ የኳስ ፌስቲቫላችን ላይ ለማወራው ወሬ ነበር።

ሄደ። ትልቅ ኮሌጅ፣ ከቤት የአሥራ አንድ ሰዓት መንገድ። ማንም ያልነገረኝ፣ እኔም ያልጠየቅኩት ነገር አለ። የኮሌጅ ተጫዋች ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር ከሚመረቅበት ዲግሪ 40 በመቶውን መጨረስ አለበት። አራተኛው ላይ 60፣ አምስተኛው ላይ 80። አለዚያ አይጫወትም። አዲሱ ኮሌጅ ክሬዲቶቹን ተቀበለ፤ ግን ለኢንጂነሪንጉ የቆጠረለት ጥቂቱን ብቻ ነው። በዚያ ሂሳብ 40 በመቶ አይሞላም። አማካሪዋ መፍትሔ አላት። ሜጀሩን (የሚመረቅበትን የትምህርት ዘርፍ) ወደ ጠቅላላ ጥናት ትቀይረዋለች፤ እዚያ ሁሉም ይቆጠራል። ልጁ ደወለልኝ። እኔ ደንበኛ ጭኜ ወደ ዱለስ ኤርፖርት እየነዳሁ ነበር። «መጫወት ትችላለህ?» አልኩት። «አዎ» አለኝ። «እንግዲያው ፈርም» አልኩት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ድልድዩ እዚያ ፈረሰ።

በዓመቱ አሰልጣኙ ሄደ። አዲሱ የራሱን ልጆች ይዞ መጣ። ልጄ እንደገና ፖርታል ገባ። ስም ሲገባ የነበረበት ኮሌጅ ስኮላርሺፑን ከተርሙ በኋላ መሰረዝ ይችላል፤ ሰረዘውም። ያኔ ሁለተኛ ጊዜ የሚዛወር ልጅ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ አንድ ዓመት ይቀመጥ ነበር። በዚያ ላይ በኮቪድ አንድ ዓመት የተጨመረላቸው የሃያ ሦስትና የሃያ አራት ዓመት ጎልማሶች ቦታውን ሞልተውታል። ስልኩ አልጮኸም። ጁን አለፈ፣ ጁላይ አለፈ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። ኦገስት ላይ ሻንጣውን ይዞ ቤዝመንታችን ገባ።

አሁን ስነግራቸው «ጋሼ፣ ያ ድሮ ነው፤ ሕጉ ተቀይሯል» ይሉኛል። እውነት ነው፤ የሚያስቀምጥ ዓመት ዛሬ የለም። ክሬዲቱስ? 40፣ 60፣ 80ውስ? እንዲያውም አሁን ይብሳል። በየዓመቱ መዛወር ስለሚቻል ሦስት ኮሌጅ ዞሮ የአንዱንም ዲግሪ ያልያዘ ልጅ አያለሁ።

ዝውውር ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። በ2025 የኮሌጆቹን ዋንጫ የበላው ፍሎሪዳ ዋናዎቹ ጋርዶቹ ከሌላ ኮሌጅ የመጡ ናቸው። ወልተር ክሌይተን ከአዮና፣ ዊል ሪቻርድ ከቤልሞንት፣ አሊጃ ማርቲን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ። አባቶች ይህን እየጠቀሱ ይሞግቱኛል። እኔም ልክ ነህ፣ ግን ቁጠር እላለሁ። ሦስቱም ኮሌጅ የቀየሩት አንድ ጊዜ ነው። ክሌይተን አዮና ሁለት ዓመት፣ ፍሎሪዳ ሁለት ዓመት ቆየ። ሪቻርድ ፍሎሪዳ ሦስት ዓመት ተጫወተ። ማርቲን ከመሄዱ በፊት የመጀመሪያው ቤት አራት ዓመት ነበር።

ስለዚህ ልጃችሁ ልሂድ ካለ መጀመሪያ ለኤጀንት አትደውሉ። አዲሱን ኮሌጅ አንድ ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ከያዘው ክሬዲት ለሚፈልገው ሜጀር ስንቱ ይቆጠራል? ለምረቃ አላልኩም፤ ለሜጀሩ። መልሱ ሳይመጣ ስሙ አይግባ። «በኋላ እናየዋለን» ካሏችሁ መልሱ መጥቷል።

ልጄ ዛሬ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ቀን መጋዘን ይሠራል፤ ማታ በኦንላይን ይማራል። ኢንጂነሪንጉን እንደገና ጀምሮታል፣ በራሱ ገንዘብ። በኤፕሪል 2025 የፍሎሪዳና የሂውስተን ፍጻሜ ሲታይ ከጎኔ ተቀመጠ። አብረን ጨዋታ ካየን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ሂውስተን ፍሎሪዳን በ12 ነጥብ ሲበልጥ እኔ አለቀ አልኩ፤ እሱ ዝም አለ። መጨረሻው 65 ለ63 ነው፤ ፍሎሪዳ በአንድ ቅርጫት ዋንጫውን በላ። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። ዞር ስል ሶፋው ባዶ ነው። ቤዝመንት ወርጄ አየሁት፤ ላፕቶፑን ከፍቷል። እኩለ ሌሊት ላይ የሚያስረክበው የካልኩለስ አሳይመንት ነበረው።