ትልቁን ስፒከር ላምጣ ወይስ ትንሹን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሳሎኔ 4 ሜትር በ3 ሜትር ከ40 ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ብሎኬት። ለንደን ያለችው እህቴ ለዓመታት ያጠራቀምኩለትን ስፒከር ገዝታ በካርጎ ልትልክልኝ ነው። አንዱ ደረቴ ድረስ የሚደርስ፣ እያንዳንዱ ሁለት ባለ 8 ኢንች ዉፈር (የቤዝ ድምፅ ማውጫ) ያለው ነው። ሌላው በዚያው ዋጋ ማቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ነው። ጓደኞቼ በሙሉ ትልቁን ይላሉ። አምፕሊፋየሬ 60 ዋት ነው። በብዛት የማዳምጠው የድሮ ዘፈንና በገና ነው። የቱ ይሻለኛል?
የሰንጋ ተራው አድማጭ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትንሹን አስመጣ።

ክፍልህን ለክተህ መጻፍህ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የስፒከሩን ስም ይነግረኛል እንጂ የክፍሉን ልክ አይነግረኝም። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ይህን ለ4 ሜትርህ እጥፍ፣ ማለትም ለ8 ስታካፍለው 43 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 43 ንዝረት ይመጣል። በ3 ሜትር ከ40ው በኩል 50 ይሆናል። እነዚህ ድምፆች ሲመጡ ክፍልህ ራሱ አብሮ ይጮኻል። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር 41 ሄርዝ ናት። ተጫዋቹ አንድ ፍሬት ከፍ ሲል 44 ይደርሳል። ያቺ ኖታ ከሌሎቹ ተለይታ ጉም ትላለች። አራት ባለ 8 ኢንች ዉፈር ይህን ያባብሰዋል። የስፒከሩ ውድ መሆን አያድንህም።

በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ተከራይቼ ስኖር 3 በ3 በምትሆን ክፍል ወገቤ የሚደርስ ስፒከር አስገባሁ። አንድ እሁድ ጎረቤቴ የነበሩ እናት ጠርተው ቤታቸው አስገቡኝ። ቡና ቀርቧል። ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ እርስ በርስ ይንጫጫሉ፤ ማንም አልነካቸውም። «ልጄ፣ ዘፈኑን ብሰማውማ ደስ ባለኝ። እኔ ጋ የሚደርሰው ጉምጉምታው ብቻ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳ ያስቀረዋል፤ ቤዙ ግን ያልፋል። በወሩ ስፒከሮቹን ሸጥኳቸው። አንተም ከላይም ከታችም ጎረቤት አለህ።

የምታዳምጠውም ትልቁን አይፈልግም። የድሮ ዘፈን አሳታሚው አምሐ ሪከርድስ በፈረንጆቹ 1969 ሲጀምር ያወጣቸው የነበሩት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ናቸው። የእነዚያ ሸክላዎች ሀብት የዘፋኙ ጉሮሮና የትንፋሽ መሣሪያው ነው።

በገና ደግሞ ከሁሉ የበለጠ መፈተኛ ነው። ያን ንዝረት የምትሰጠው አውታሩ ካረፈበት ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ ናት። ደህና ስፒከር ላይ አንዷ አውታር ስትነካ ንዝረቷ ሲነሳ፣ ሲሰፋና ሲከስም ይሰማሃል። የደርዳሪው ድምፅ ለብቻው ይቆማል። ደካማው ላይ አሥሩም አውታር እንደ ንብ ቀፎ አንድ ላይ ይተማል። ስለዚህ እህትህ ሱቅ ስትሄድ የበገና ቅጂ ይዛ ትሂድ። ድምፁን እሷ ታውቀዋለች፤ ሻጩ አያውቀውም።

ትንሽ ሳጥን አትናቅ። ቢቢሲ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ለስርጭት መኪኖቹ ጠባብ ክፍል ብሎ ኤልኤስ 3/5ኤ የሚባል ስፒከር ሠራ። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰው ድምፅ ረገድ እስከ ዛሬ የሚወደድ ስፒከር ነው። ግን ሴንሲቲቪቲው፣ ማለትም በአንድ ዋት የሚሰጠው ጩኸት፣ 83 ዲሲብል አካባቢ ነው፤ አንተ 87 የሚለውን ፈልግ። የ3 ዲሲብል ልዩነት ማለት ለዚያው ጩኸት እጥፍ ዋት ማለት ነው። ለ87ቱ 60 ዋትህ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ከኋላው የቤዝ ቀዳዳ የሌለው ቢገኝ እመርጥልሃለሁ፤ ግድግዳ ሲጠጋ ብዙም አይጮህም። አምፑ በውስጡ የተሠራለትን ግን ተወው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንድ ነገር ቢቃጠል መለዋወጫ ፍለጋ ትንከራተታለህ። የራስህን አምፕ ስታብላይዘር ላይ ሰካ።

ማቆሚያውን ለንደን አታስገዛ፤ ለካርጎ ክብደት ነው። የሰፈርህ ብየዳ ቤት በቱቦላሬ 60 ሴንቲ አድርጎ ይሠራልሃል። ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ሙላው። ሶፋህ እንደ ብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከሆነ 70 ሴንቲ ወደፊት አምጣው። ቤዝ የሚከማቸው ግድግዳ ሥር ነው።

ዛሬ ማታ ሳሎንህ መሐል ቆመህ አንዴ አጨብጭብ። ከጭብጨባው በኋላ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ከቀረ ሴራሚኩና ባዶው ግድግዳ ነው። በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል ወፍራም ምንጣፍ አንጥፍ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጥና አንድ ሰው በጎን ግድግዳው መስተዋት እያንሸራተተ ይሂድልህ። ትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክብ፣ በመስተዋቱ ውስጥ የታየህ ቦታ ላይ አራት እጥፍ ጋቢ ስቀል። ለውጡን ያንኑ ቀን ትሰማዋለህ።

ለሽቦ ብዙ አታውጣ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ይበቃሃል። ቀይና ጥቁሩን ብቻ እንዳታምታታ። አንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም ከመሐል ይሸሻል።