የኢትዮጵያ ደጋ ሁለት ነው ወይስ ስድስት?

ልጅዎ በአንድ መጽሐፍ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ሁለት ናቸው፣ በሌላው ደግሞ ስድስት ናቸው የሚል አንብቦ ግራ እንደተጋባ ጽፈዋል። ሁለቱም መጻሕፍት ልክ ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሳስተምር ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣ ነበር። ተማሪዎቼ የክፍሎቹን ስም አንድም ሳያስቀሩ ሸምድደው ይመጣሉ፤ ድንበሩ ለምን እዚያ ላይ ተሰመረ ስላቸው ግን ጸጥ ይላሉ።

ጫፉን ተዉትና ዝቅታውን ፈልጉ እላቸው ነበር። ተራራማ አገር የሚከፈለው በሸለቆው ነውና። በአገራችን ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ የሚስተካከል ድንበር የለም፤ ደጋውን ሰንጥቆ ምዕራባዊና ደቡብ ምሥራቃዊ አድርጎታል። አውሬዎቹ ሳይቀሩ ይመሰክሩለታል። የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ እንጂ በሌላው ወገን አይገኝም። ቀይ ቀበሮ በሁለቱም ወገን ቢኖርም የሰሜኑና የባሌው በሁለት ንዑስ ዝርያ ይመደባሉ። ሁለት የሚለው መጽሐፍ እዚህ ላይ አቁሟል።

ስድስት የሚለው ወደ ወንዞቹ ወርዷል። በምዕራቡ ወገን ተከዜ የትግራይን አምባ ከሰሜን ማዕከላዊው ማለትም ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ተራሮች ይለያል። ዓባይ ሰሜን ማዕከላዊውን ከሸዋ፣ ጊቤና ኦሞ ደግሞ ሸዋን ከደቡብ ምዕራቡ ደጋ ይለያሉ። በማዶው ወገን የአርሲ፣ የባሌና የሲዳማ ደጋ አንድ ክፍል ሲሆን የሐረርጌ አምባ ሌላው ነው፤ በመካከላቸው የዋቢ ሸበሌ ሸለቆ አለ። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ወንዝ ለምን ድንበር እንደሚሆን ማብራሪያ አያሻውም። ማዶው ፊት ለፊት ይታያል፤ መንገዱ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ያንኑ ያህል ይወጣል፤ ከደጋ ተነሥቶ በቆላ አልፎ ደጋ ይገባል።

ችግሩ ወንዝ እንደ አጥር ቀጥ ብሎ አለመሄዱ ነው። ላስታን ይመልከቱ። ተከዜ ከዚያው ይነሣና ከላሊበላ በስተደቡብ ወደ ምዕራብ ፈስሶ ከዚያ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ወንዙን ብቻ ከተከተልን ላሊበላና ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከትግራይ ወገን ሊቀሩ ነው። መጻሕፍቱ ግን አቡነ ዮሴፍን ከራስ ደጀን፣ ከጉናና ከጮቄ ጋር በሰሜን ማዕከላዊው ይቆጥሩታል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የላስታ ተራራ እንደ ስሜን ሁሉ እሳተ ገሞራ የተፋው ባዛልት ነው። በትግራይ ግን ይህ ሽፋን በብዙ ቦታ ታጥቦ ከሥሩ የነበረው አሸዋ ድንጋይና ኖራ ድንጋይ ወጥቷል። ወንዙ ሲያሳስት ድንጋዩን መጠየቅ ነው።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1926 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጣሊያን የወጣው አከፋፈል የአልፕስን ተራሮች ምዕራብ፣ መካከለኛና ምሥራቅ ብሎ በ3 ትላልቅ ክፍሎችና በ26 ንዑሳን ክፍሎች መደባቸው። በዚያው አቆጣጠር በ2005 ሰርጂዮ ማራዚ የተባለ ጣሊያናዊ ያቀረበው ደግሞ 2 ትላልቅና 36 ንዑሳን ክፍሎች አሉት። በሁለቱ ትላልቅ ክፍሎች መካከል ያለው መስመር ሲሠመር የራይንን ሸለቆ ይዞ ይወጣና ስፕሉገን በተባለው በር፣ ማለትም በተራሮች መካከል ባለ ማለፊያ፣ ተሻግሮ ወደ ኮሞ ሐይቅ ይወርዳል። ይህ ዘዴ፣ ማለትም አንዱን ሸለቆ ይዞ ወጥቶ በበር ተሻግሮ በሌላው ሸለቆ መውረድ፣ ወንዝ በሚያልቅበት ቦታ ሁሉ ይሠራል።

ገበሬው ደግሞ ከሁላችንም ቀድሞ በሌላ መንገድ ከፍሎታል፦ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያለ። ለእርሱ የስሜንና የባሌ ደጋ አንድ ናቸው፤ ገብስ በሁለቱም ይበቅላልና። ለሚዘራ ሰው ከዚህ የተሻለ አከፋፈል አላውቅም፤ ካርታ ላይ ግን እንደ ቀለበት በየተራራው ዙሪያ ስለሚዞር ለክፍለ አገር ጥናት አይመችም።

ልጅዎ ለፈተና የሚዘጋጅ ከሆነ መምህሩ የሚጠቀሙበትን መጽሐፍ ቁጥር ይጻፍ፤ ነጥብ የሚሰጡት እርሳቸው ናቸው። ቤት ውስጥ ግን የከፍታ ካርታ ዘርግታችሁ ስምጥ ሸለቆውን፣ ተከዜን፣ ዓባይን፣ ጊቤንና ዋቢ ሸበሌን በእርሳስ ያስምረው። ስድስቱን ክፍሎች ራሱ ያገኛቸዋል፤ ላስታ ላይ ሲደርስ ከተጨቃጨቃችሁም ደስ ይለኛል።