ቸኮሌቱ ኬኩ ጎን ላይ አልቆም ላለሽ
ለጌጥ ከኬኩ ጠርዝ የምታወርጂው የቸኮሌት ጠብታ ግማሽ መንገድ ላይ መቆም ሲገባው ተንደርድሮ ሳህኑ ላይ የሚጠራቀምብሽ ቸኮሌቱን ትኩስ እያለ ስለምታፈሺው ነው። ኬኩም በደንብ አልቀዘቀዘም።

1. ቅቤ ክሬም የተቀባውን ኬክ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው። ስትነኪው ክሬሙ ጣትሽን መያዝ የለበትም።

2. 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ከትፈሽ 100 ግራም የሞቀ ፈሳሽ የወተት ክሬም አፍስሺበት፣ አማስዪውና ለብ እስኪል ጠብቂ፣ ቴርሞሜትር ካለሽ 32 ዲግሪ አካባቢ፣ ከሌለሽ ከንፈርሽን ነካ አድርጊው፣ ሙቀት ካልተሰማሽ ደርሷል። ለነጭ ቸኮሌት ግን ይህ መጠን ይቀጥናል፤ ለ300 ግራም ቸኮሌት 100 ግራም ክሬም በቂ ነው።

3. በኬኩ ጀርባ አንዲት ጠብታ ብቻ ሞክሪ። እስከ ታች ከወረደች 5 ደቂቃ ታገሺ። ጠርዙ ላይ ጉብ ብላ ከቀረች ደግሞ ቸኮሌቱን ትንሽ አሙቂው። መጀመሪያ ዙሪያውን ጨርሺ፣ መሃሉን መጨረሻ ላይ ሙዪው። ከመሃል ከጀመርሽ በየት በኩል እንደሚወርድ መቆጣጠር አትችዪም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ኬኩን ከፍሪጅ የምታወጪው ቸኮሌቱ ከደረሰ በኋላ ይሁን። እኔ አንዴ ቀድሜ አውጥቼው ስልክ ሳወራ ቆየሁና ጎኑ ላብ በላብ ሆኖ ጠበቀኝ። ጠብታዎቹ እርጥበቱ ላይ ተንሸራተው ክሬሙን በቡናማ መስመር ዥጉርጉር አደረጉት። ያን ቀን ጎኑን ሙሉ በብስኩት ፍርፋሪ ሸፈንኩት፤ የልደቱ ባለቤት እንደሆነ ፍርፋሪውን ነው የወደደው።