ሁለት የፓቱላ ዛፍ ጎን ለጎን፣ አንዱ ሙጫው ሲፈስ ሌላው ደረቅ፦ ጂኑ ነው ወይ?

ሰላም እህቴ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ካሉት ፓቱላዎች (ፓይነስ ፓቱላ የሚባለው የፓይን ዛፍ) አንዱ ሲበሳ ሙጫው ይወርዳል፣ አጠገቡ ያለው ጠብ አይልም፤ ለጥናቴ የትኛውን ጂን ልይ ብለሻል።

ከሁሉ በፊት ዛፉን እይው። እኛ ጋ ሁሉም ጥድ ይባላል፤ የሐበሻውም ሆነ የፈረንጁ ጥድ ግን እንደ ፓይን በእንጨታቸው ውስጥ የሙጫ ቧንቧ የላቸውም። ቅጠሉ መርፌ የመሰለ፣ በብዛት ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንድ እግር የሚወጣና ወደ ታች የሚንጠለጠል ከሆነ ፓቱላ ነው።

የሙጫው መጠንና ዓይነት አይምታቱብሽ። ምን ያህል ይፈሳል የሚለው በአብዛኛው በቧንቧዎቹ ብዛትና ስፋት፣ እንዲሁም ቧንቧውን ከውስጥ የከበቡት ሕያው ሴሎች ጥሬ ዕቃ በሚያቀርቡበት ፍጥነት ይወሰናል። በዚህ ሥራ በር ላይ ያለው ዲኤክስኤስ የተባለው ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ነው፤ ፓይሩቬትንና ግሊሰራልዴሃይድ 3-ፎስፌትን፣ ሁለቱን ጥሬ ዕቃዎች፣ ፕላስቲድ በተባለው የሴሉ ክፍል ውስጥ ያገናኛል። ከዚያ ባለ 5 ካርቦን ሞለኪውሎች ይገኛሉ፤ ሁለቱ ሲያያዙ ባለ 10፣ አራቱ ሲያያዙ ባለ 20። ዓይነቱን የሚወስኑት ቀጥለው የሚመጡት፣ ተርፒን ሲንቴዞች የተባሉት ኢንዛይሞች ናቸው። ባለ 10ሩ ፓይኒን ይሆናል፤ አኳራጅ አኳራጅ የሚሸተው እሱ ነው። ባለ 20ውን ሌቮፒማራዲን/አቢዬታዲን ሲንቴዝ ቀለበት ያደርገዋል፤ ሲዋይፒ720ቢ የተባለው ሌላ ኢንዛይም ደግሞ 18ኛው ካርቦን ላይ ኦክስጅን እየጨመረ መጀመሪያ አልኮል፣ ቀጥሎ አልዴሃይድ፣ በመጨረሻ አሲድ ያደርገዋል። አኳራጁ ሲተን እጅ ላይ የሚቀረው ደረቅ ነገር ይኸው አሲድ ነው። ስለዚህ መጠኑ ስለተለያየ ብቻ ሲንቴዙን አትወንጅዪው።

በሁለት ዛፍ ምንም አይባልም። እኩያና ተቀራራቢ ውፍረት ያላቸውን ከሚፈሱትም ከደረቁትም ቢያንስ 10 10 ምረጪ። ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ፣ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ፣ 2 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ክብ መብሻ ቅርፊቱን እስከ እንጨቱ አንሺ፤ እንጨቱን አትብሺው። አስቀድሞ የተመዘነ ብልቃጥ ከሥሩ አስሪ፣ በ24ኛው ሰዓት መዝኚ። ከጥቅምት እስከ ጥር ከሆነ ውርጩ ጉድ ይሠራሻል፦ ሙጫው ወፍሮ ቀዳዳው አፍ ላይ ይረጋና ዛፉ ድሃ ይመስላል። ጥላ ውስጥ ያለውና ፀሐይ የሚያገኘው የሚለያዩት በዚህም ነው።

አርኤንኤውን (ጂኑ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ቅጂ) የምትወስጂው ከመብሳትሽ በፊት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዛፉ ከቆሰለ በኋላ የሙጫ ጂኖች ይነሣሉና በማግስቱ ከቁስሉ ዳር የተቆረጠው የሚያሳይሽ የዛፉን ባሕርይ ሳይሆን ቁስሉን ነው። ካምቢየሙን፣ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለውን ሕያው ስስ ሽፋን፣ በስሱ ፍቀሽ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ጣይው፤ ሳይቀልጥ ሙቀጫ ውስጥ ይፈጭ። በ65 ዲግሪ ሲታብ (ሴሉን የሚያፈርስ ሳሙና መሰል ኬሚካል)፣ ፒቪፒ (ፊኖልን የሚይዝ) እና ቤታ-መርካፕቶኢታኖል ጨምረሽ አርኤንኤውን አውጪ፤ ፒቪፒ ከቀረ ፊኖሉ (የዛፉ ቡናማ አድራጊ ኬሚካል) አርኤንኤውን ይይዝና ዝቃጩ ቡናማ ይሆናል። በሊቲየም ክሎራይድ ሌሊቱን አዝቅጪው። የንጽሕና መለኪያው 260/230 (በሁለት የብርሃን ሞገድ የተለካ ንጽጽር) ከ1.8 በታች ከሆነ ወደ ሲዲኤንኤ (ከአርኤንኤ ወደሚቀዳው ዲኤንኤ) አትሂጂ፣ እንደገና እጠቢ።

የሙጫውን ዓይነት ለማየት፣ ውሁዶቹን በትነት ለሚለያየው መሣሪያ፣ ለጋዝ ክሮማቶግራፉ፣ ፓይኒኑ እንዳለ ይገባል፤ አሲዶቹ ግን ሜቲል ካልተደረጉ (ሜቲል የተባለ ቁራጭ ካልታከለባቸው) በደንብ አይታዩም።

ፕራይመር ላይ፣ ማለት የምትፈልጊውን ጂን ለይቶ ለማባዛት በምትጠቀሚው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ፣ ተጠንቀቂ። ሲንቴዞቹ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ በሚመሳሰሉበት ቦታ ላይ የተሠራ ፕራይመር ሁሉንም አብሮ ያነሣል፤ ጥቂት አሚኖ አሲድ ሲቀየር ደግሞ የሚሠሩት ነገር ይለወጣል። የ3' ጫፉን (የጂኑን መጨረሻ)፣ ወደ ፕሮቲን የማይተረጎመውን ክፍል ተጠቀሚ፤ የወጣውንም ቁራጭ ሲኩዌንስ ሳታስደርጊ (ቅደም ተከተሉን ሳታስነብቢ) ስም አትስጪው።