የቤተሰባችንን ግሩፕ አሜሪካ በተነችው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ ነው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነኝ፤ ከእማዬ ጋር የቀረሁትም እኔ ነኝ። ወንድሜ ዳላስ ከባድ መኪና ይነዳል። እህቴ ሚኒያፖሊስ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ሁለቱም በዲቪ ነው የሄዱት። ቴሌግራም ላይ «የእማዬ ልጆች» የሚል ግሩፕ አለን። ድሮ የልጆቻቸው ፎቶ፣ የልደት ኬክ፣ አንዳንዴም መዝሙር ይላክበት ነበር። አሁን ፖለቲካ ብቻ ሆነ፤ ያውም የአሜሪካ! ወንድሜ የትራምፕ ነው፣ እህቴ የዴሞክራቶች ናት። በ2024 በፈረንጆቹ ሐምሌ በትለር በሚባል ቦታ ትራምፕ ላይ ሲተኮስ እህቴ «ምነው ሰውዬው ትንሽ ኢላማ ቢለማመድ ኖሮ» ብላ ጻፈች። ወንድሜ ያን ጊዜ የመለሰላትን ስድብ እዚህ አልደግመውም። ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 2025፣ ሜሊሳ ሆርትማን የምትባል፣ ከዴሞክራቶቹ ወገን የሆነች የሚኒሶታ ምክር ቤት አባል ከነባሏ ቤቷ ውስጥ ተገደለች። ወንድሜ ደግሞ ዜናው ሥር የሳቅ ምልክት አደረገ። እህቴ የምትኖረው እዚያው ቅርብ ነው። ወዲያው ብሎክ አደረገችው።

አሁን ለታኅሣሥ ገብርኤል ሁለቱም ይመጣሉ ተብሎ እማዬ ከወዲሁ ስለ ገናው በግ ማሰብ ጀምራለች። እሱ «እሷ ካለች አልመጣም» ይላል፣ እሷም እንደዚያው። እማዬ የጠባቸውን ምክንያት ባስረዳት አልገባት አለ። «ይሄ ትራምፕ የምትሉት ሰው መሬታቸውን ነው የወሰደባቸው?» አለችኝ። አሜሪካኖቹ ድሮም እንዲህ ነበሩ? ማንኛቸው ናቸው የጀመሩት? እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ የእናትሽን ጥያቄ ለባለቤቴ አነበብኩላት። «ነገሩ የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው» አለች።

ድሮም እንዲህ ነበሩ ወይ ላልሽው፣ ድሮማ ከዚህም ይብስ ነበር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ1804 ምክትል ፕሬዚዳንቱ አሮን በር፣ ሥልጣን ላይ እያለ፣ የቀድሞውን የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተንን ተቀጣጥረው ሽጉጥ ተማዘው ገደለው። በ1856 ደግሞ ፕሬስተን ብሩክስ የሚባል የደቡብ ካሮላይና እንደራሴ ሴኔት አዳራሽ ድረስ ገብቶ፣ ባርነትን አጥብቆ የሚቃወመውን ሴናተር ቻርልስ ሰምነርን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በከዘራ ቀጠቀጠው። ከዘራው እስኪሰባበር ድረስ ነው የመታው። ሰምነር አገግሞ ወደ መደበኛ ሥራው እስኪመለስ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀበት።

እኔን ከድብደባው ይልቅ የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የብሩክስ ደጋፊዎች፣ የተሰበረውን የሚተካ እያሉ፣ አዳዲስ ከዘራ በስጦታ ላኩለት። አምስት ዓመት ሳይሞላ አገሩ እርስ በርስ መታረድ ጀመረ። አንድ ሰው ሲናደድና እጁን ሲሰነዝር ያው አንድ ሰው ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ከዘራ የሚገዛለት ሰው ሲበዛ ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድምሽ የላከው የሳቅ ምልክትና እህትሽ የጻፈችው ቀልድ ለእኔ ሁለቱም ያ ስጦታ ከዘራ ናቸው። ይቅርታ፣ አንቺ ማንኛቸው ጥፋተኛ እንደሆኑ እንድነግርሽ ነበር የፈለግሽው።

ማን ጀመረው የሚለውን ተዪው። የሪፐብሊካን ደጋፊ ብትጠይቂ በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከትራምፕ ደጋፊዎች ግማሾቹን «የማይረቡ» ብላ አንድ ቅርጫት ውስጥ የከተተቻቸውን ያነሳልሻል፤ በማግስቱ «ግማሽ» ማለቴ ስህተት ነበር ብትልም የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዴሞክራቱን ብትጠይቂ ደግሞ በ2009 ኦባማ ለሁለቱ ምክር ቤቶች ንግግር ሲያደርግ ጆ ዊልሰን የሚባል እንደራሴ ከመሐል «ትዋሻለህ!» ብሎ የጮኸውን ይነግርሻል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። ማስረጃ ሲደራረብ ደግሞ ማለቂያ የለውም፤ እንደ ድንበር ክርክር ነው።

አንድ ነገር ግን በእርግጥ ተቀይሯል። በ1960 አሜሪካኖችን «ልጅህ የሌላውን ፓርቲ ሰው ቢያገባ ይከፋሃል?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ይከፋኛል ያለው ከመቶ አምስት ቢሆን ነው። በ2010 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲጠየቅ ከሪፐብሊካኖቹ ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶቹ ሲሶው ይከፋናል አሉ። ማለትም ፓርቲ የሚመርጡት ነገር መሆኑ ቀርቶ ዘር ሆነ። ዘር ሲሆን ምን እንደሚመስል ለእኛ ማንም አያስረዳንም።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳይ ላይ የተለያዩ ወገኖችን አስተናግዱ የሚለው ደንብ በ1987 ቀረ። በ1996 ፎክስ ኒውስና ኤምኤስኤንቢሲ የሚባሉት፣ በኋላ አንዱ ወደ ሪፐብሊካን ሌላው ወደ ዴሞክራት ያዘነበሉት የዜና ቴሌቪዥኖች፣ በአንድ ዓመት ተከፈቱ። ከዚያ ፌስቡኩ መጣ፣ እሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። የባሰው ግን የምርጫው አሠራር ይመስለኛል። ብዙ የምርጫ ወረዳ ካርታው ሲሠራ አሸናፊው ፓርቲ አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ እንደራሴው ተቃዋሚውን አይፈራም። የሚፈራው በራሱ ፓርቲ ውስጥ በሚደረገው ቅድመ ምርጫ ከእሱ የባሰ ኃይለኛ ሰው መጥቶ እንዳይጥለው ነው። ሊዝ ቼኒን ተመልከቺ። የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት ልጅ፣ የለየላት ወግ አጥባቂ። በጥር 6 2021 የትራምፕ ደጋፊዎች ካፒቶልን፣ የምክር ቤቱን ሕንፃ፣ ከወረሩ በኋላ ትራምፕ ይከሰስ ብላ ድምፅ ሰጠች። የፓርቲው አመራር ቦታዋን ከጥቂት ወራት በኋላ አጣች፣ በ2022 ደግሞ የራሷ የዋዮሚንግ ሪፐብሊካኖች በሰፊ ልዩነት ጣሏት።

እንግዲህ እኔ ጨዋነት የምለው እዚህ ጋ ነው። ተቃዋሚን «ክቡር» ማለት ቀላል ነው፣ አፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። የራስን ሰው «ተው» ማለት ግን ያስከፍላል።

በጥቅምት 2008 የሪፐብሊካኑ ዕጩ ጆን ማኬይን ከኦባማ ጋር እየተወዳደረ፣ በአጋጣሚ እዚያው እህትሽ ያለችበት ሚኒሶታ ውስጥ፣ ደጋፊዎቹን ሰብስቦ ነበር። አንዲት ሴትዮ ማይክ ይዛ ኦባማን አላምነውም፣ አረብ ነው አለች። ማኬይን ራሱን ነቅንቆ ማይኩን ከእጇ ወሰደ። «የለም እሜቴ፣ ጨዋ፣ ባለትዳር ሰው ነው፣ ዜጋ ነው፤ በመሠረታዊ ጉዳዮች ላይ አንስማማም እንጂ» አላት። (አረብ መሆን የጨዋ ተቃራኒ ነው እንዴ ያሉ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ሰውዬው ቆሞ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም።) እዚያው ስብሰባ ላይ ኦባማን አትፍሩት ሲል የገዛ ደጋፊዎቹ ጮኹበት። ተሸነፈም። በ2015 ትራምፕ ስለዚሁ ማኬይን፣ ቬትናም ከአምስት ዓመት በላይ ታስሮ ስለተሰቃየው ሰው፣ «እኔ የምወደው ያልተማረኩትን ነው» አለ። ብዙ ሰው በቃ አለቀለት ብሎ ነበር። በዓመቱ ያው የማኬይን ፓርቲ ትራምፕን ዕጩ አደረገው። ማኬይን በ2018 ሲሞት ግን ቀብሩ ላይ ንግግር ካደረጉት አንዱ ያ ያሸነፈው ኦባማ ነው።

አሁን ወደ ቤታችሁ። ሐዋሳ ያደግሽ ልጅ አፊኒ የሚለውን ቃል ሳትሰሚ አልቀረሽም። የሲዳማ ሽማግሌዎች ለነገር ሲቀመጡ ተናጋሪው መጀመሪያ «አፊኒ?» ይላል፤ ነገሩን ሰምታችኋል ወይ እንደማለት። ሳይሰሙ ወደ ፍርድ የለም። በእናንተ ግሩፕ ውስጥ ግን ሁሉም ፈራጅ ነው፣ ሰሚ የለም።

ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አታገናኚ። ለየብቻ ደውይላቸው፣ በድምፅ እንጂ በጽሑፍ አይሁን። ስለ ትራምፕ አንድም ቃል አትተንፍሺ። ለእህትሽ፦ በዚያን ቀን በትለር ላይ በጥይት የሞተ ሰው እንዳለ ንገሪያት፤ ሚስቱንና ልጆቹን በሰውነቱ ሲከልል ነው የሞተው። ኢላማው ቢስተካከል ያለችው ነገር ላይ የሚጠጋገን የለም፣ ታንሳው። ለወንድምሽ፦ እህትህ በዚያን ሌሊት ፖሊስ ገዳዩን ሲያስስ ቅርብ ነበረች፤ ደህና ነሽ ወይ ብለህ አልደወልክም፣ ሳቅህን ነው የላክኸው በይው። አመለካከቱን እንዲቀይር አይደለም። ያንን ሳቅ ብቻ።

ታላቅ ወንድም አይደል፣ ይኮራ ይሆናል። እንግዲያው የራሱን ሰው ታሪክ ንገሪው። በ1981 የሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ሬጋን ተተኩሶበት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ቀን ከሌት ሲከራከረው የነበረው የዴሞክራቶቹ አፈ ጉባኤ ቲፕ ኦኒል ሊጠይቀው መጣ። አልጋው ሥር ተንበርክኮ እጁን ያዘና «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን መዝሙረ ዳዊት አብረው ደገሙ። ከዚያ ወጥቶ በበጀቱ ላይ መጨቃጨቁን ቀጠለ። ይህን ታሪክ ለእናትሽም ንገሪያቸው፤ ከእኔ ምክር ይልቅ እሳቸው ስልኩን ተቀብለው ቢደግሙለት ይሻላል።

በጉን ግን አሁን አትግዙ፤ እስከ ታኅሣሥ ቀለቡ ብቻ ያስወጣችኋል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አሜሪካኖች እርስ በርስ እንዲህ እየተሰዳደቡ እኛን ስለ ዴሞክራሲ ለማስተማር ምን ሞራል አላቸው?

መልስ፦ አስተማሪው ቤት ውስጥ ስለሚጣላ ትምህርቱ ውሸት አይሆንም። አባቱ ቡሽ በ1992 ተሸንፎ በጥር 1993 ከዋይት ሐውስ ሲወጣ ለክሊንተን ደብዳቤ ትቶለት ነበር። «ከአሁን በኋላ ያንተ ስኬት የአገራችን ስኬት ነው» ይላል። በ2021 ደግሞ ትራምፕ የባይደን በዓለ ሲመት ላይ አልተገኘም፤ እንዲህ ያደረገ ተሰናባች ፕሬዚዳንት ከ1869 ወዲህ አልነበረም። በ2025 ተራው ሲገለበጥ ባይደን ተገኘ። ሁለቱንም ተማር፣ ፈተና ላይ ግን የመምህርህን መልስ ጻፍ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «በጨዋነት ተናገሩ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ የተበደለውን ዝም ለማሰኘት አይደለም?

መልስ፦ ስም ያልጻፍሽ ጠያቂ፣ ጥሩ ይዘሽኛል። አንዳንዴ ነው። ከ1836 ጀምሮ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ባርነት የሚቀርብ አቤቱታ ሳይነበብና ሳይወያዩበት ወደ ጎን ይቀመጥ የሚል ደንብ ነበረው። ምክንያታቸው የምክር ቤቱ ሰላም እንዳይደፈርስ ነበር። ሰላም ለማን እንደሆነ አንቺው ገምቺ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ፣ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ተራ እንደራሴ የሆነ ሽማግሌ፣ አቤቱታዎቹን በየስብሰባው ይዞ እየመጣ አስቸገራቸው። ሥርዓት አልባ አሉት። ሊያስወግዙት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ልብ በይ፣ ሽማግሌው ማንንም በከዘራ አልመታም፣ የማንም ሞት ላይ አልሳቀም፤ ዝም አልልም ብቻ ነው ያለው። ደንቡ በ1844 ተሻረ። አዳምስ በ1848 እዚያው ምክር ቤት ወንበሩ ላይ እንዳለ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ በሁለተኛው ቀን እዚያው ሕንፃ ውስጥ አረፈ።