ኤቪዮኒክስ ለመግባት ለምታስቡ የጎንደር ልጆች

ልጆቼ፣ ጡረታ ወጥቼ ጎንደር ከተመለስኩ ወዲህ ኮምፒውተር የምትማሩት «የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ለመግባት የትኛውን ፕሮግራሚንግ እናጥና?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ብታጠኑ አይጎዳችሁም። እኔ ግን አስቀድማችሁ አውሮፕላኑ ውስጥ የትኛው ሲስተም ከየትኛው ጋር ምን እንደሚጋራ መለየትን ልመዱ እላለሁ።

በእኛ ጊዜ ለአውቶፓይለቱ አንድ ሣጥን፣ ለነዳጅ መለኪያው ሌላ ሣጥን ነበር። የተበላሸውን ነቅሎ፣ ጤነኛውን ሰክቶ፣ ፈትሾ መፈረም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ የጀመረው ቦይንግ 777 ግን የማሳያውን፣ የበረራ ማኔጅመንቱንና የሌላውንም ስሌት ሁለት የኮምፒውተር ካቢኔት ውስጥ ሰበሰበው። 787ም በዚያው መንገድ ገፋበት።

ካቢኔቱ ውስጥ ጎን ለጎን የተሰኩ ሞጁሎች፣ ማለትም ተነቃይ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ ፕሮሰሰር የብዙ ሥራ ፕሮግራም ያስኬዳል። ታዲያ አንዱ ሲሳሳት ሌላውን ይዞ የማይወድቀው ለምንድን ነው? ኤሪንክ 653 የተባለው ደንብ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ሜሞሪና የራሱን ሰዓት ይከልልለታል። ይህን የደምቢያ የመስኖ ገበሬ ከእኔ በተሻለ ያስረዳችኋል፦ ተራው ካለቀ፣ ማሳው ባይጠግብም የውሃ አባቱ ቦዩን ወደ ቀጣዩ ይመልሰዋል።

የጋራው ነገር ሲታመም ግን ጣጣው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአውሮፓው የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ኤርባስ ኤ350 ሳይጠፋ 149 ሰዓት ከመቆየቱ በፊት ኃይሉ ጠፍቶ እንዲበራ አዘዘ፤ ከዚያ ካለፈ አንዳንድ ሲስተሞች ከኔትወርኩ ጋር መነጋገር ሊያቆሙ ይችሉ ነበርና። በ2020 ደግሞ አሜሪካኖቹ ለ787 ሳይጠፋ የሚቆይበትን የ51 ቀን ገደብ አወጡ። እዚያ የተፈራው የባሰ ነው፦ ያረጀ መረጃ እንደ ትኩስ ሆኖ አብራሪው ፊት እንዳይቀርብ። ሁለቱንም ዓይነት አውሮፕላን አየር መንገዳችን ያበራል።

ስለዚህ አጥፍቶ ማብራትን አትናቁት፤ ግን የብልሽት መልእክቱ ስለጠፋ ብቻ ለመፈረም አትቸኩሉ። ሦስት የብልሽት መልእክት ባንድ ቅጽበት ከመጣ፣ ሦስት ዕቃ ከስቶር ከማዘዛችሁ በፊት የሚጋሩትን ፈልጉ፦ ሞጁሉን፣ የኃይል መስመሩን፣ የኔትወርክ ስዊቹን። የቱ ቀድሞ እንደመጣም በሰዓቱ ጻፉ። «ተፈትሾ ደህና ነው» የሚል ሎግ ለማታው ፈረቃ ምንም አይነግረውም።

ልምምዱ ሃንጋር አይጠይቅም። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫኑና ሁለት ፕሮግራም በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ብቻ እንዲሮጡ አድርጉ። አንደኛውን ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ክተቱትና ሌላው ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚዘገይ ለኩ። ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።