ሙጫው ከመድረቁ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከታተሉ ባጭሩ ልድገመው። አራት ሆናችሁ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የኮስሚክ ጨረር (ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች) ያለፈበትን መንገድ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ እየሠራችሁ ነው። ስፋቱ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ነው። ክሩ 1 ሚሊ ሜትር ሲንቲሌቲንግ ፋይበር ነው፤ ማለትም ቅንጣት ሲያልፍበት ትንሽ ብርሃን የሚሰጥና ብርሃኑን ይዞ እስከ ጫፉ የሚወስድ ፕላስቲክ። ኮምፔርሳቶ ላይ ደርድራችሁ፣ ጫፍና ጫፉን በፕላስተር ይዛችሁ ሙጫ አፈሰሳችሁበት። ሁለት ጊዜ ሞከራችሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ተጣመመ። «እንዴት እናቅናው? የትኛውስ ሙጫ ይሻላል?» ነው ያልሽው።

እኔ መካኒክ ነኝ፤ ፊዚክሱን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። ግን አውሮፓ ውስጥ በአንድ ወርክሾፕ ይህንኑ ፋይበር ሳጠነጥን ከርሜያለሁ። አጭሩ መልሴ፦ አታቅኑት። አንዴ ከተለጠፈ በኋላ የሚቃና ፋይበር የለም። ቀጥ ያለው ነገር ሙጫው ከመቀባቱ በፊት ከሥር ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ፋይበሩ የተኛበትን ነው የሚመስለው፤ ኮምፔርሳቶ ደግሞ እርጥበት በጠጣ ቁጥር ይለምጣል።

እኛ አሠራሩን የቀዳነው ሰርን (ጄኔቫ አጠገብ ያለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል) ካለው ኤልኤችሲቢ ከሚባል ሙከራ ነው። ለእሱ 0.25 ሚሊ ሜትር ክር በ6 ረድፍ ተደራርቦ 13 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምንጣፍ ተሠርቷል። ርዝመቱ 2.4 ሜትር ነው። ክሩ የሚጠነጠነው ዲያሜትሩ ከ80 ሳንቲ ሜትር በሚበልጥ መንኮራኩር ላይ ነው። መንኮራኩሩ እንደ ብሎን ጥርስ ዙሪያውን ቦይ ወጥቶለታል፤ ከቦይ እስከ ቦይ 0.275 ሚሊ ሜትር። የመጀመሪያው ረድፍ ቦዩ ውስጥ ይተኛል። ሁለተኛው ረድፍ ከሥሩ ባሉት ሁለት ክሮች መሃል ባለው ስርጉድ ላይ ይቀመጣል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ትክክለኛ መሆን ያለበት ቦዩ ብቻ ነው፣ ሌላው ከሥሩ ያለውን ይከተላል። ቁጥሩን አስቢው፦ በአንድ ረድፍ 470 ገደማ ክር፣ በ6 ረድፍ ከ2,800 በላይ። ለአንዲት ምንጣፍ ከ7 ኪሎ ሜትር የበለጠ ክር ማለት ነው። በጠቅላላው መሣሪያ ውስጥ የገባው ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መንኮራኩሩ ላይ በየተወሰነ ርቀት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። ከማጠንጠኑ በፊት ሙጫ ይሞላባቸዋል። ምንጣፉ ደርቆ፣ ተቆርጦ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲዘረጋ ከሆዱ ላይ በአንድ መስመር የተሰለፉ የሙጫ ጥርሶች ይወጣሉ። እነዚያ ጥርሶች ረጅም ቀጥ ያለ ቦይ ውስጥ ሲገቡ ምንጣፉ ራሱን ያቀናል። ሪፈረንሱ፣ ማለትም ቀጥታነቱ የሚለካበት መነሻ፣ ከምንጣፉ ጋር አብሮ ይወለዳል እንጂ በኋላ በማስመሪያ አይፈለግም። የናንተ ችግር እዚህ ላይ ነው።

ስህተቴንም ልንገርሽ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አራተኛው ረድፍ ላይ ነን። ክሩ አልፎ አልፎ እብጠት አለው፤ 0.25 መሆን ሲገባው አንድ ቦታ ላይ 0.4 ይደርሳል። እናቴ ጥጥ ስትፈትል እንዲህ ያለውን በጣቷ ዳስሳ ታገኘው ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ ግን በሌዘር ነው የሚለካው፣ እብጠቱም በጋለ ሾጣጣ ቀዳዳ ውስጥ አልፎ ይቀጥናል። የኛ ማሽን አንዱን አሳለፈው። ክሩ ከስርጉዱ ዘሎ ጎረቤቱ ላይ ወጣ። መንኮራኩሩን አቁሜ በፕላስቲክ ዘንግ ገፍቼ መለስኩትና «አለቀ» ብዬ ቀጠልኩ። ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ ቦታ ላይ መዝለሉን አላየሁም። በማግስቱ ጫፉን ቆርጠን በማይክሮስኮፕ ስናየው፣ እንደ ማር እንጀራ የተደረደረው ክር መሃል ላይ አንድ ሰንበር ይታያል። ከዚያ በላይ ያለው ረድፍ ሁሉ ተዛንፏል። 7 ኪሎ ሜትር ክር ቅርጫት ገባ። አለቃዬ አንድም ቃል አልተናገረም፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ሌላው ደግሞ የመስኮት ፀሐይ ነው። 2.4 ሜትር ርዝመትና 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ጠረጴዛ ነበረን። ጠዋት ሲለካ ቀጥ ያለ ነው። ከሰዓት ግን ይለምጣል። አንዱን ጠርዝ ፀሐይ ይመታዋል ለካ! በሁለቱ ጠርዞች መካከል የ2 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ቢኖር መሃሉ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል። መጋረጃ ገዛን፣ ተገላገልን። እናንተ ግን በዚህ አትጨነቁ። ልምጠቱ በርዝመቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው፤ በ50 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ ላይ እንኳ 10 ማይክሮን (0.01 ሚሊ ሜትር) አይሞላም።

ከምንም በፊት ትክክለኛነት የት እንደሚያስፈልጋችሁ ወስኑ። ክሩ በርዝመቱ አቅጣጫ 1 ሚሊ ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል ማንም አያውቅም። ወደ ጎን ሲሄድ ነው ልኬቱ የሚበላሸው። ኤልኤችሲቢ ራሱ ወደ ጎን 50 ማይክሮን ሲጠይቅ የማፋጠኛው የቅንጣት ጨረር በሚሄድበት አቅጣጫ 300 ማይክሮን ይፈቅዳል። እናንተ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ክር በአንድ ረድፍ ስትደረድሩ ስፋቱ ለ12 ስኩዌር ሩት ይካፈልና ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ስህተት ነው የምታገኙት። ስለዚህ 0.1 ሚሊ ሜትር ይበቃችኋል፤ ይህን ደግሞ ደህና ፍሬዛ (ብረት የሚፈለፍለው ማሽን) ይሠራዋል።

እንዲህ አድርጉ። የአሉሚኒየም ሰሌዳ ፍሬዛ ላይ አስሩና የቪ ቅርጽ ያላቸው ቦዮች አስወጡ፣ ከቦይ እስከ ቦይ 1.05 ወይም 1.1 ሚሊ ሜትር። ክሩን ልክ 1 ላይ አታጨናንቁት፤ አንዱ ትንሽ ከወፈረ ጎረቤቶቹን ሁሉ ይገፋል። ሙጫው ሰሌዳው ላይ እንዳይዝ ሰም ቀቡት። ሁለተኛውን ረድፍ በስርጉዱ ላይ አስተኙ። ሰሌዳው ከፍሬዛው ሳይፈታ፣ እዚያው በአንድ አስተሳሰር፣ ለሁለት የብረት ፒኖች ቀዳዳ አስበሱ። ከፈታችሁት በኋላ ብትበሱት ቦዩና ቀዳዳው መተዋወቃቸው ይቀራል። ሙጫው ከመፍሰሱ በፊት ከምንጣፉ ጋር አብረው የሚለጠፉትን የጫፍ ማሰሪያዎች በፒኖቹ ላይ አስቀምጡ። ማሰሪያዎቹ ላይ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች አንዱ ክብ ይሁን፣ ሌላው ሞላላ። ሁለቱንም ክብ ካደረጋችሁ በመዶሻ ነው የምታስገቡት፣ ያኔ ሁሉም ነገር ይጣመማል።

ሙጫውን በተመለከተ፣ በክፍል ሙቀት ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቀጭን ኢፖክሲ ውሰዱ። አምስት ደቂቃ የሚለውን ተዉት፤ ሳትጨርሱ ይይዛችኋል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ያ ነጩ የቀለም ዱቄት፣ ቀላቅሉበት፤ ብርሃን ወደ ጎረቤት ክር እንዳይሾልክ ያግዛል። ምድጃ ውስጥ እንዳታስገቡት። አሴቶን ደግሞ በክሩ አጠገብ አይለፍ፣ ፖሊስታይሪኑን ይበላዋል። ጓንት አድርጉ። ክሩንም ከፀሐይ አርቁ።

ቀሪው ቀላል ነው። ጫፉን ከማሰሪያው ጋር አንድ ላይ ቆርጣችሁ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ አለስልሱት። በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኑትና ክፍሉን አጨልማችሁ በስልክ ባትሪ ዙሪያውን ፈትሹት፤ በክሩ ጫፍ ብርሃኑን የሚያነበው ሴንሰር ምልክት የሰጠበት ቦታ ቀዳዳ አለ። ትልልቆቹ ሙከራዎች ሴንሰሮቻቸውን እንደሚያቀዘቅዙ ሰምታችሁ ከሆነ ግን ርሱት። ኤልኤችሲቢ ሴንሰሮቹን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚያወርዳቸው ኒውትሮን ስለሚጎዳቸውና የውሸት ምልክት ስለሚበዛባቸው ነው። እናንተ ዘንድ ያ የለም።

የፍሬዛችሁ ጠረጴዛ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚሄድ ጻፊልኝ። ከ30 የሚያንስ ከሆነ ሰሌዳውን መሃል ላይ ፈታችሁ እንዳታዞሩት፣ መሣሪያውን ራሱን 25 በ25 አድርጉት።